አባቴ የሉኪሚያ ክኒናቸውን ቀን እየዘለሉ ነው፤ ምን ላድርግ?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተችው አንዲት የጁገል ልጅ ናት። ጥያቄዋ አጭር ነበር፣ መልሱ ግን ሠላሳ አልፎ አሁንም አላቆመም። መሃል ላይ ጫት፣ ባቡርና የድሬ ሙቀት ስለገቡበት ዋናው ነገር ተደብቋል። ስለዚህ በቁጥሩ እየሄድኩ ልተርክላችሁ። እኔም ይህንኑ ክኒን ከሚወስዱት አንዱ ነኝ፤ እና ዳኛ ሆኜ ዝም ብዬ አልፋለሁ ብላችሁ አትጠብቁ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ነገሩን እንዲህ ያስቀምጠዋል። አባቷ ወደ 60 የተጠጉ ሰው ናቸው፣ ፈረስ መጋላ አካባቢ ሱቅ አላቸው። ባለፈው ዓመት ግራ ጎናቸው እያበጠ፣ ትንሽ በልተው እየጠገቡ፣ ሌሊት እያላባቸው ቆይተው ሲመረመሩ ሲኤምኤል የሚባለው ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ተገኘባቸው። ክኒን ተጀመረላቸው፣ ነጭ የደም ሴላቸውም በጥቂት ወራት ወደ ልኩ ወረደ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ሲነሱ የዓይናቸው ቆብ ያብጣል። ሌሊት ባታቸው እየተሸማቀቀ ከእንቅልፍ ያስነሳቸዋል። ያቅለሸልሻቸዋል። ጎረቤት ደግሞ ክኒኑ ኩላሊት እንደሚጨርስ ነገራቸው። እሳቸውም ለማንም ሳይተነፍሱ አንድ ቀን ወስደው አንድ ቀን መዝለል ጀመሩ። ልጅቷ የነቃችው ፓኬቱን ስትቆጥር ነው፤ ወሩ አልቆ ግማሹ ፍሬ ሳይነካ ተቀምጧል። ደማቸው ተስተካክሏል ከተባለ ወዲህ ክኒኑ የሚያስፈልጋቸው አይመስላቸውም። ረመዳንም እየመጣ ነው። እና ያቁሙ ወይ? ይጹሙ ወይ? እብጠቱስ ከበሽታው ነው ከመድኃኒቱ?

መልስ 1 በጣም ጨዋ ነበር። የድሬ ሰው ነው። መጀመሪያ ለአባቷ ምሕረት ለመነላቸው፣ ቀጥሎ የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራሙን ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። የሉኪሚያ መድኃኒት ማለት አንድ ነገር አይደለም። ኢማቲኒብ አለ፣ ኒሎቲኒብ አለ፣ ዳሳቲኒብ አለ፣ ሃይድሮክሲዩሪያ አለ። የአንዱ ደንብ ለሌላው አይሠራም።

መልስ 2 ላይ እናቷን ለዓመታት ያስታመመች ሴት ቀድማ ገመተች። የጠዋት የዓይን እብጠት፣ የባት መሸማቀቅና ማቅለሽለሽ አንድ ላይ ከመጡ ኢማቲኒብ ሳይሆን አይቀርም ባይ ናት። የእናቷ ፊት ጠዋት ጠዋት ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ያስመስላት እንደነበር፣ እስከ ምሳ ሰዓት ግን እንደሚጎድል ጻፈች። ትራሱን ከፍ ማድረግና ጨው መቀነስ ረድቷቸዋል።

መልስ 3 ክሩን አጋለው። የቀፊራ ነጋዴ ነኝ የሚል ሰው ነው። ኬሚካል ሁሉ መርዝ መሆኑን፣ አባትየው ዛሬውኑ ማቆም እንዳለባቸው፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ለ40 ቀን ቢወስዱ እንደሚበቃቸው ጻፈ። አጎቱ በዚሁ ድነዋል። አጎቱ ምን ዓይነት ካንሰር እንደነበረባቸው ግን አልጻፈም፣ ማን እንደመረመራቸውም አልጻፈም። ይባስ ብሎ ብዙ ሰው ወደደለት። እኔን ያበሸቀኝ እሱ ነው።

መልስ 4 ድሬዳዋ የምትሠራ ነርስ ናት። ሲስተር እያሉ ነው የሚጠሯት፣ እኔም እንዲሁ ልበላት። የጻፈችው ረጅም ነው፣ ግን የክሩ ምሰሶ እሱ ስለሆነ ላሳጥረው አልፈልግም።

ሲኤምኤል ላይ ሁለት ክሮሞዞሞች፣ 9ኛውና 22ኛው፣ ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ተቆርጦ ያጠረው 22ኛው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ስለታየ ፊላደልፊያ ክሮሞዞም ይባላል። ከዚህ ልውውጥ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ፕሮቲን ይወለዳል። ይህ ፕሮቲን እረፍት የለውም፣ መቅኒው ነጭ የደም ሴል ያለ ልክ እንዲያመርት ሌት ተቀን ያዛል። ኢማቲኒብ የሚሠራው ፕሮቲኑ ጉልበት የሚቀበልበት ቦታ ላይ ገብቶ በመቀመጥ ነው። እሱ እዚያ እስካለ ፕሮቲኑ ዝም ይላል። ግን ክኒኑ ከደም ውስጥ ይወጣል፤ በ18 ሰዓት ገደማ ግማሹ ይሄዳል። በየቀኑ የሚወሰደው ለዚህ ነው። እና የአባትየው ደም የተስተካከለው ክኒኑ ስላለ እንጂ በሽታው ስለጠፋ አይደለም ማለቷ ነው። አንድ ቀን እየዘለለ የሚወስድ ሰው ለካንሰሩ በየሁለት ቀኑ በር እየከፈተለት ነው። በሽታው በዚያ ክፍተት ተለውጦ መድኃኒቱን ከለመደ ደግሞ መመለሻው ይከብዳል።

ለነጋዴውም መልስ ሰጠችው፣ እዚህ ላይ ለሰስ አላለችም። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ከመፈቀዱ በፊት ይህ በሽታ የያዘው ሰው ዕድሜው በጥቂት ዓመታት ይቆጠር እንደነበር፣ በኢማቲኒብ የጀመሩ ሕሙማን ለ10 ዓመት ሲከታተሉ ግን ከ100ው 83ቱ በሕይወት መገኘታቸውን ጠቀሰች። ከዚያ ለዚህ የሚስተካከል የጥቁር አዝሙድ ቁጥር ካለው እንዲያመጣ ጠየቀችው። እስካሁን አላመጣም።

ኩላሊቱን በተመለከተ አላጣጣለችውም። ኩላሊትም ጉበትም በደም ምርመራ የሚታዩት ለዚሁ ነው። ቀጠሮ የሚሰጠው ሰው ለማመላለስ አይደለም። ቁጥሩ ከተዛባ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ለጥቂት ጊዜ ያስቆማል፤ ይህን ግን የሚያደርገው ሐኪሙ ነው፣ ጎረቤት አይደለም።

መልስ 5 ላይ ልጅቷ ተመለሰች። የፓኬቱን ፎቶ ለጠፈች። ኢማቲኒብ፣ 400 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ። መልስ 2 የጻፈችው ሴት ልክ ነበረች።

መልስ 6 የሰቢያን ልጅ ነው፣ አቦ ሳይል ዓረፍተ ነገር አይጀምርም። እሱ በባዶ ሆዱ እየዋጠ ለወራት ሲያስመልሰው ከረመ በኋላ አወሳሰዱን ያስተማረው ሌላ ታማሚ ነው፤ ፋርማሲው ላይ የነገረው ሰው አልነበረም። ምሳ ይቀርባል። ግማሹን ይበላል። ክኒኑን ያኔ ይውጣል፣ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ፣ በሁለት ጉንጭ ሳይሆን ብርጭቆው እስኪያልቅ። ከዚያ የቀረውን ምሳ ይጨርሳል። ከበላ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጋደም አይልም፤ የድሬ ሰው ከምሳ በኋላ ጋደም ሳይል መዋል ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማስመለሱ ቆመ። መሸማቀቁን በተመለከተ ማታ ከመተኛቱ በፊት ግድግዳ ተደግፎ ባቱን ያፍታታል፣ ቀን ውኃ ያበዛል። በራሱ የቁርጥማት መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ እንደሌለበት ግን ከሲስተር ተነግሮታል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ዝቅ ካለ ዳይክሎፌናክን የመሰሉ ማስታገሻዎች ደም ሊያስፈስሱ ይችላሉ። ፓራሲታሞልም ቢሆን ጉበት ስለሚነካ በየቀኑ እየተደራረበ አይወሰድም።

መልስ 7 አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ክኒኑን መዋጥ ለሚከብደው ሰው ማድቀቅ ይቻላል ወይ? ሲስተር በዚያው ሥር በሁለት መስመር ዘጋችው። አይደቅቅም፣ ዱቄቱን ሰው መንካትም መተንፈስም የለበትም፣ በተለይ ነፍሰ ጡር። 400ው ፍሬ በ200 ሚሊሊትር ያህል ውኃ ውስጥ ተጥሎ በማንኪያ እየተማሰለ ሲሟሟ ወዲያው ይጠጣል።

መልስ 8 ላይ ነው የምንፈራው የመጣው። የድሬ ጎረምሳ ይመስለኛል፣ ፊት ለፊት ጠየቀ፦ ጫትስ? እሱ ክኒኑን የሚወስደው በርጫ ላይ ተቀምጦ ነው፣ በለስላሳ፣ ቅጠሉ ጉንጩ ውስጥ እያለ። ያኔ ስለሚያስታውሰው ነው አሉ።

ከ9 እስከ 13 ያለው ቀልድ ነው። ገራባው ራሱ መድኃኒት መሆኑን የጻፈ አለ፣ ከአወዳይ የመጣ ጫት ነጭ የደም ሴልን እንደሚያባርር ያረጋገጠ ፕሮፌሰር አለ፣ የሐረርና የድሬ ሰው ማን የበለጠ እንደሚቅም የተከራከሩ አሉ። አንደኛዋ ሴት ሰው ታሞ ጥያቄ እየጠየቀ ምርቃና ላይ መሆናቸውን ስትነግራቸው ጸጥ አሉ።

መልስ 14 ፋርማሲስት ነው፣ ሐረር ነው ያለው። ስብከት አልሰበከም፣ ለዚህ ነው ሰው የሰማው። ነገሩን ከሆድ ጀመረው። ይህ ክኒን ምግብ ይፈልጋል፣ ጫት ደግሞ ምግብ ያስጠላል። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ያለ ሰው እራት አይበላም፣ ባዶ ሆድ ላይ ክኒን ይወድቃል፣ ያስመልሳል። ቀጥሎ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጠዋት አርፍዶ ይነሳል፣ የክኒኑ ሰዓት ይዛነፋል፣ ሳይታወቅ አንድ ቀን ይዘለላል። አፍ ይደርቃል፣ ላብ ይወጣል፣ ውኃ የጎደለው ሰውነት ደግሞ መሸማቀቁ ይብስበታል። ልብ ምትና ደም ግፊትም ከፍ ይላል፣ እና ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ከሐኪሙ መደበቅ የሌለበት የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው። ለጎረምሳው የሰጠው ምክር ቀላል ነው፦ ክኒኑን ከበርጫ ያውጣው። ምሳ ላይ ያድርገው፣ ምሳውን በደንብ ይብላ፣ ሐኪሙንም ጫቱን ይንገረው። ጎረምሳው አመስግኖ ሄደ። ጫቱን ይተው አይተው አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

መልስ 15 ስለ መልክ ነው። አንድ የድሬ ሰው ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ ፊቱ እየቀላ፣ እየነጣ መጥቶ ሰፈር ውስጥ ክሬም ጀመረ ተብሎ መሳቂያ እንደሆነ ጻፈ። የሚስቱ ጓደኞች ሳይቀሩ የክሬሙን ስም ጠይቀውታል። ሲስተር ይህም የታወቀ የክኒኑ ጠባይ እንደሆነ ነገረችው። ቆዳ ላይ ቀለም የሚያመርቱት ሴሎች የሚፈልጉትን አንድ ሌላ ፕሮቲን ክኒኑ ስለሚነካባቸው ነው፣ ጠቆር ባለ ሰው ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ጉዳት የለውም፣ ፀሐይ ላይ ግን ኮፍያ ያድርግ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳቀ፣ እኔም ስቄአለሁ፣ ምክንያቱም የኔም እጅ እንዲሁ ነው።

መልስ 16 ስለ ሙቀት ነው፣ ለድሬ ሰው ደግሞ ቀልድ አይደለም። ገንደ ቆሬ የምትኖር ሴት ቤቷ ቆርቆሮ መሆኑን፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ውስጡ እንደ ምድጃ እንደሚሆን፣ ክኒኑን ከውኃ እንስራው ሥር በጨርቅ ጠቅልላ እንደምታስቀምጥ ጻፈች። ፋርማሲስቱ ሐሳቧን አደነቀ ግን አረማት። ክኒኑ ከ30 ዲግሪ በላይ መቆየት የለበትም፣ በዚህ ልክ ናት። እርጥበትም ግን ጠላቱ ነው። ከነማሸጊያው በሚገጠም ጣሳ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ተደርጎ ከእንስራው ራቅ ብሎ፣ ወለሉ ላይ፣ ከግድግዳው ጥላ በኩል ይቀመጥ። መስኮት ላይ አይሆንም። ባጃጅ ውስጥ ከፊት መስታወቱ ሥር ጭራሽ አይታሰብም። ፍሬውን ከማሸጊያው አውጥቶ በወረቀት መጠቅለልም ይቅር።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሄደ። መልስ 17 ሐረር ላይ ይህ ችግር እንደሌለ፣ አየሩ ራሱ ፍሪጅ እንደሆነ ጻፈ። መልስ 18 ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ገደማ ላይ መሆናቸውን አስታውሶ ከፍታ የጉራ ምክንያት እንደማይሆን ተናገረ። መልስ 19 ተሰርዟል፣ ምን እንደነበር አላየሁም፣ ግን ከመልስ 20 ቁጣ መገመት ይቻላል። መልስ 21 ደግሞ ከሁለቱም ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ የመሄድን መከራ አነሳ። ወደ ጥቁር አንበሳ ለክትትል የሚሄድ ሰው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ባቡሩ ይሻላል አይሻልም፣ ጣቢያው ለምን ከከተማ ወጣ፣ የድሮው የፈረንሳይ ባቡር ለገሃር ድረስ ይመጣ እንደነበር፤ ይህ ሁሉ ተወራ። ስለ ባቡር የሚያወራ የድሬ ሰው ማቆሚያ የለውም፣ አልፌዋለሁ።

ከዚህ ወሬ ውስጥ ግን አንድ ቁም ነገር ወጣ። መልስ 22 መንገዱ ስለሚከብድ መድኃኒቱን ድሬ ላይ ከኮንትሮባንድ ዕቃ ጋር ከሚያመጡ ሰዎች መግዛት እንደሚሻል መከረ። እዚህ ላይ ፋርማሲስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቱግ አለ። በረሃ አቋርጦ ከብርድ ልብስ ሥር የመጣ ክኒን ስንት ቀን ፀሐይ እንደመታው፣ ውስጡም ምን እንዳለ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል፣ ታማሚውም የሚያውቀው ነጭ የደም ሴሉ ተመልሶ ሲወጣ እንደሆነ ጻፈ። ደግሞም ኢማቲኒብ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ መድኃኒት ነው፣ ጄኔሪኩም (ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሠሩት ያው መድኃኒት) አለ፣ ማክስ ፋውንዴሽን በሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል በነፃ ሲወስዱ የኖሩም ሰዎች አሉ። መጠየቅ ያለበት ሐኪሙ ጋ ነው። መልስ 22ን የጻፈው ሰው ተቆጥቶ ባለፋርማሲ ሁሉ ለኪሱ እንደሚከራከር ጻፈ። እኔ የሁለቱን ፀብ ሳነብ የፋርማሲስቱን አነጋገር ባልወደውም ከእሱ ጋር ነኝ።

መልስ 23 ረመዳንን አነሳ። ልጅቷ ከመጀመሪያው የጠየቀችው ነበር፣ ሁሉም ረስቶት ነበር። አንዱ ጾም ያፈረሰ ሰው ምክንያት አያጣም የሚል ዓይነት ነገር ጻፈ፣ ጥሩ አልነበረም። መልስ 24 ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ኡስታዝ መሆናቸውን ሌሎች ናቸው የነገሩን። ሳይቆጡ ቁርኣን ራሱ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያካክስ መፍቀዱን አስታወሱ፣ ራስን መጉዳትም እንዳልታዘዘ። ከዚያ ውሳኔው በአባትየውና በሐኪማቸው መካከል እንዲሆን ለመኑ። ከዚያ በኋላ በዚህ ላይ የተሳደበ የለም።

ሲስተር የሕክምናውን በኩል ጨመረች። በቀን አንዴ የሚወሰድ 400 ሚሊግራም ሐኪሙ ከፈቀደ ከአፍጥር ምግብ ጋር ሊሄድ ይችላል፤ ሳምቡሳና ተምር ላይ ብቻ ሳይሆን ዋናው ምግብ ላይ፣ ከብዙ ውኃ ጋር። ግን ተቅማጥ ያለበት፣ ለእብጠቱ የሽንት ክኒን የሚወስድ፣ ወይም 800 ታዞለት ጠዋትና ማታ የሚከፍል ሰው ሌላ ጉዳይ ነው። በድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል ለእነዚህ ቀላል አይደለም። መልስ 26 ላይ አንዲት እናት የዐቢይ ጾምን ጠየቀች። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ክኒኑን ወደዚያ ምግብ ማዛወር እንደምትችል፣ ሽሮና ምስርም ምግብ መሆናቸውን፣ ዋናው በየቀኑ ያው ሰዓት መሆኑን ነገሯት።

መልስ 27 ለኔ ከሁሉም የሚያስፈራው ነው። የድሬ ሰው ነው። ሳል ይዞት ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄደ፣ ቲቢ ተገኘበት፣ የቲቢ መድኃኒት ተጀመረለት። ሌላ ምን እንደሚወስድ የጠየቀው የለም። እሱም ካንሰሩን ሰው እንዲያውቅበት ስላልፈለገ አልተናገረም። ከወራት በኋላ የሉኪሚያ ምርመራው ተበላሽቶ ተገኘ፣ ክኒኑን ደግሞ አንድም ቀን አልዘለለም። ፋርማሲስቱ ሲያብራራ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ኢማቲኒብን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ በደም ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ሰውየው እየዋጠ እንዳልዋጠ ማለት ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንደዚሁ ያሳንሱታል። በተቃራኒው ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክና ኬቶኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ከልክ በላይ ያበዙታል። ግሬፕ ፍሩትም እንዲሁ ነው፣ ተራው ብርቱካን ግን ችግር የለበትም። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ ይናገር።

ፋርማሲስቱ እግረ መንገዱን ለቀፊራው ነጋዴም አንድ ነገር ጻፈለት፣ ያለ ስድብ። ዕፅም ሆነ ቅመም በመድኃኒት መጠን ሲወሰድ በዚያው ጉበት ውስጥ ነው የሚያልፈው። ወጥ ላይ የሚነሰነስ ጥቁር አዝሙድና በየቀኑ በማንኪያ የሚዋጥ ጥቁር አዝሙድ አንድ አይደሉም። ነጋዴው ቢያንስ ይህን አልተከራከረም።

መልስ 28 አንዲት ወጣት ሴት ናት፣ በአዲስ ስም ነው የገባችው። ልታገባ ነው። ሲስተር የመለሰችላት በደግነት ነው ግን አላለባበሰችውም። በኢማቲኒብ ላይ እያሉ ማርገዝ ለጽንሱ አደጋ አለው፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል፣ ጡት ማጥባትም አይሆንም። ይህ ማለት ልጅ የለም ማለት አይደለም። ሐኪሙ ጋ አስቀድሞ ታቅዶ ነው የሚሆነው። የሚያስፈራው ሳይነገር ማርገዝ ወይም ለማርገዝ ሲባል ሳይነገር ማቆም ነው።

መልስ 29 እኔ ነኝ። የጻፍኩት ስለ ቆጠራ ነው። ይህ መድኃኒት እንዲሁ ሲያዩት ይቅር ባይ ይመስላል፤ አንድ ቀን ብትዘሉ ምንም አይሰማችሁም፣ እንዲያውም ዓይናችሁ ይጎድላል፣ ባታችሁ ያርፋል። ለዚህ ነው የሚያታልለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የለንደን ጥናት የሕሙማኑን አወሳሰድ በድብቅ በሚቆጥር ክዳን ተከታትሎ ነበር። ከታዘዘላቸው ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት ጥሩ ውጤት ላይ ሲደርሱ ከዚያ በታች የወሰዱት አብዛኞቹ ወደ ኋላ ቀሩ። 90 በመቶ ማለት በወር ሦስት ፍሬ ብቻ መርሳት ነው። የልጅቷ አባት ግማሹን ነው የተዉት። የረሳ ሰው በዚያው ቀን ሲያስታውስ ይውሰድ፣ የነገው ከደረሰ ግን ይተወው፣ ሁለት አንድ ላይ አይዋጥም። ካስመለሰውም በራሱ አይድገም። የቢሲአር-ኤቢኤል መጠን የሚለካበት ፒሲአር ምርመራ በየሦስት ወሩ ገደማ የሚታዘዘው ለዚህ ነው፤ ተራው የደም ቆጠራ ደህና ሲሆን እሱ ቀድሞ ይናገራል። በሦስተኛው ወር ከ10 በመቶ በታች፣ በዓመቱ 0.1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይጠበቃል። አባትየው ይህን ቁጥር ጠይቀው ያውቃሉ? ሱቅ ያለው ሰው ሒሳቡን ሳያይ አያድርም፣ ይህንንም ሒሳብ ይያዙት።

ሲስተር በኔ ሥር ሳይዘገይ ሐኪም ጋ የሚያስሮጡትን ጨመረች። በጥቂት ቀን ውስጥ ክብደት በኪሎዎች ከጨመረ ውኃ ነው፣ ስብ አይደለም፣ በተለይ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሆድና እግር ካበጠ። ትኩሳት 38 ከደረሰ። ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ፣ ሰገራ ከጠቆረ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ። ቆዳ ከተላጠ ወይም አፍ ውስጥ ከቆሰለ። ከዓይን ቆብ እብጠት ጋር እነዚህን አታምታቱ ማለቷ ነው።

መልስ 30 ደግሞ ጎበዝ ጥያቄ ጠየቀ፦ ዕድሜ ልክ ነው ወይ? አይደለም የሚባልለት ሰው አለ። ፒሲአሩ ለዓመታት በጣም ዝቅ ብሎ የቆየለት ታማሚ በሐኪም ክትትል ማቆም ሊሞክር ይችላል። ካቆሙት ግን በግማሽ ገደማው ላይ በሽታው ይመለሳል፣ አብዛኛውም በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ገደማ ነው። በየወሩ ፒሲአር እየታየ ስለሚያዝ መድኃኒቱ ሲጀመር መልሶ ይወርዳል። ፒሲአር በየወሩ ማግኘት ለማይችል ሰው ይህ መንገድ ገና አልተከፈተም፣ እውነቱ ይኼ ነው።

መልስ 31 ላይ ልጅቷ ተመለሰች። አባቷን ሐኪም ጋ ወስዳቸዋለች። መዝለላቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ አድርጋለች፣ በሩ ላይ ቆማ ነው አሉ። ሐኪሙ ክኒኑን አላስቆመም፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ አዘዘ፣ ፒሲአርም ጨመረ፤ ውጤቱ ገና ነው። ለአሁኑ በየቀኑ፣ ምሳ ላይ። ጾሙን ውጤቱ ሲመጣ ይነጋገሩበታል። አባትየው ብዙም ደስ አላላቸውም። ጎረቤቱን ደግሞ ከሱቃቸው ፊት ተቀምጦ ሻይ እንዳይጠጣ ከልክለውታል፤ ይህን ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው በአብዛኛው ዱዓና እግዜር ይማርልሽ ነው። መልስ 34 ግን ሌላ ሰው ነው፣ ኒሎቲኒብ ላይ ነው ያለው፣ ይህን ሁሉ አንብቦ ነገ ምሳ ላይ ክኒኑን ሊጀምር ማሰቡን ጻፈ። ፋርማሲስቱ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የያዘው። ኒሎቲኒብ በተቃራኒው በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው፣ ከመውሰዱ በፊት 2 ሰዓት፣ ከወሰዱ በኋላ 1 ሰዓት ምግብ የለም፤ ምግብ መጠኑን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል፣ የልብ ምትን ሥርዓትም ሊያዛባ ይችላል። ጫት የሚቅም ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ሳይናገር አንድ ቀን እንዳያድር ጻፈለት። ለእነዚያ መድኃኒቶች የተለየ ክር ተከፍቷል፣ የኒሎቲኒብና የዳሳቲኒብ ሰዎች ወደዚያ ግቡ።